ኤኮ ያለበት ግራፍ

የድምፅ ግራፍ በኮድ የተሠራ ሚክሰር ነው። ማይኩ፣ ማጣሪያው፣ ማጉያው እያንዳንዳቸው ኖድ ይባላሉ፤ የሚያገናኟቸው ገመዶች ድምፁን ያስተላልፋሉ። ግራፉን የሚያሄደው ላይብረሪ ኖዶቹን በተራ ይደረድራል፤ ግብዓቱ ሳይደርሰው ሥራ የሚጀምር ኖድ የለም። እስከዚህ ድረስ ቀላል ነው።

ጣጣው ኤኮ ነው። ኮተቤ ሠርግ ድንኳን ውስጥ ሞንታርቦው ገና ሳይሞቅ ዘፋኙ «ኤኮ ጨምር!» ይላል። ኤኮ የወጣውን ድምፅ ወደ መግቢያው ይመልሳል፤ ገመዱም ቀለበት ይሆናል። በቀለበት ውስጥ ማን ይቅደም? ጀማሪዎች «ግራፍ ቀለበት አይፈቅድም» ብለው ይከለክሉታል። ተሳስተዋል። ኤኮ የሚመልሰው ያለፈውን ድምፅ ነው፤ ስለዚህ ድምፁን የሚያዘገየው ኖድ መጀመሪያ የቆየውን ያነባል፣ አዲሱን መጨረሻ ላይ ይጽፋል፤ ቀለበቱም ይፈታል። ተመላሹን ሳይቀንሱ እንዳለ የሚመልሱ ግን ድንኳኑን በፉጨት ይሞሉታል፤ እባካችሁ ተዉ።

ኮምፒውተር ድምፅን የሚሠራው በጥቅል ስለሆነ ግን ይህ ቀለበት ወሰን አለው። በሰከንድ 48,000 ናሙና እያለ አንድ ጥቅል 128 ናሙና ከያዘ፣ ቀለበቱ ከ2.7 ሚሊሰከንድ ገደማ ባነሰ ጊዜ ሊዞር አይችልም። ለኤኮ ይህ ምንም አይደለም፤ 170 ሜትር ርቆ የቆመ የእንጦጦ ገደል እንኳ ጩኸትን የሚመልሰው ከአንድ ሰከንድ ገደማ በኋላ ነው።

በኮድ የሚሠራ ክራር ግን ይቸገራል። ኬቪን ካርፕለስና አሌክስ ስትሮንግ እ.ኤ.አ. በ1983 ባሳተሙት ዘዴ፣ አጭር ጫጫታ በትንሽ ቀለበት እየዞረ ሲለሰልስ የተነካ ክር ድምፅ ይሰጣል፤ ቀለበቱ ባጠረ ቁጥር ድምፁ ይቀጥናል። 48,000 ለ128 ሲካፈል 375 ነው። በግራፉ ገመድ የተሠራ ክር እንግዲህ ከ375 ኸርዝ በላይ አይወጣም፤ ብዙ መሣሪያ የሚቃኝበት 440 እንኳ አይደረስበትም። ክራር የፈለገ ሰው ቀለበቱን በአንድ ኖድ ሆድ ውስጥ ከትቶ ናሙና በናሙና ያዙረው። ይህን ሳያውቁ «ላይብረሪው ተበላሽቷል» የሚሉ ያናድዱኛል።

ራስት በተባለው የፕሮግራም ቋንቋ ደግሞ አንድ ነገር አንድ ባለቤት ብቻ ስላለው ኖዶችን እርስ በርስ ማያያዝ ያታክታል። ኖዶቹን በአንድ ዝርዝር አስቀምጦ በቁጥር መጥራት ይቀላል፤ ፔትግራፍ የተባለው የራስት ላይብረሪም የሚሠራው እንዲሁ ነው። «ራስት ስለሆነ ድምፁ አይቆራረጥም» የሚለው ግን ከንቱ ነው። ድምፁ እየተጫወተ ሜሞሪ የሚጠይቅ ወይም ሌላ ኮድ ሥራውን እስኪጨርስ የሚጠብቅ ኮድ ቢጽፉ ኮምፓይለሩ ያለ ቅሬታ ያሳልፈዋል። ሜሞሪው ዘፈኑ ከመጀመሩ በፊት ይመደብ።