ልጅ ኳስ ቢጫወት ምን ይተርፈዋል? ስለ አቶ ይድነቃቸው ተሰማ የተጫዋችነትና የአሠልጣኝነት ሥራ

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በሆለታ፣ በአዲስ ዓለምና በጊንጪ በኩል ወደ አምቦ የሚሄድ፣ ከዚያም አልፎ ወደ ጉደርና ወደ ጌዶ የሚዘልቅ መንገደኛ፣ በየከተማው ዳር አንድ ነገር ሳያይ አያልፍም። ይኸውም ከትምህርት ቤት የተመለሱ ልጆች ሁለት ድንጋይ ለግብ ምልክት አቁመው፣ የጨርቅም ቢሆን ኳስ አግኝተው፣ ፀሐይ እስክትጠልቅ ድረስ ሲራወጡ ነው።

በቅርብ ጊዜ በአምቦ ሳለን አንድ የተከበሩ አባት ስለ ልጃቸው አጫወቱን። ልጁ 14 ዓመቱ ነው፤ በትምህርቱም የሚነቀፍ አይደለም። ነገር ግን ማታ ማታ ከኳስ ሜዳ አልለይ ስላለ አባቱ ጫማውን ሣጥን ውስጥ ቆልፈውበታል።

እኛም ከዚያው አገር የተወለዱት ፊጣ ባይሳ በ1984 ዓ.ም. በባርሴሎና ኦሎምፒክ በ5,000 ሜትር ሩጫ የነሐስ ሜዳልያ፣ የጀልዱው ተወላጅ ፈይሳ ሌሊሳም በ2008 ዓ.ም. በሪዮ በማራቶን የብር ሜዳልያ ማግኘታቸውን አስታወስናቸው። እርሳቸው ግን፦ «ጌታዬ፣ እነርሱ ከብዙ ሺህ አንድ ናቸው። የኔ ልጅ እንደነርሱ ሳይሆን ቢቀርሳ? የእግር ሞያ ከእግር ጋር ያረጃል። እግሩ የደከመ ዕለት ምን ይተርፈዋል?» አሉን።

ጥያቄው የዋዛ አይደለምና ወዲያው ለመመለስ አልደፈርንም። ጥቂት ካሰብን በኋላ ግን፣ ከራሳችን አሳብ ይልቅ የአንድ ሰው የሥራ ታሪክ የተሻለ መልስ እንደሚሆን አይተን የአቶ ይድነቃቸው ተሰማን ነገር አነሣንላቸው።

አቶ ይድነቃቸው በ1914 ዓ.ም. በጅማ ተወለዱ። አባታቸው በቅኔያቸውና በዜማቸው የታወቁት፣ ድምፃቸውም በጀርመን አገር በሸክላ የተቀረጸው ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ ናቸው። ልጁም በተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤት ገብተው ተማሩ። እንግዲህ የትልቅ ሰው ልጅ ሆኖ፣ ትምህርትም ቀምሶ፣ ኳስ ለመምታት ወደ ሜዳ መውረድ በዚያ ዘመን ለብዙ ወላጅ የሚያስደስት ነገር አልነበረም።

በ1928 ዓ.ም. የቅዱስ ጊዮርጊስ የኳስ ቡድን በአዲስ አበባ ተቋቋመ። አቶ ይድነቃቸውም ገና በወጣትነታቸው በዚህ ቡድን ገብተው ከ20 ዓመት በላይ ተጫወቱለት። ወዲያው የፋሺስት ወረራ ደረሰና የቡድኑ ስም እንኳ በግድ ተለወጠ፤ ጨዋታው ግን አልጠፋም። ያንን ጊዜ ያየ ተጫዋች፣ ኳስ የሰውነት ማፍታቻ ብቻ ሳይሆን የሕዝብ መሰብሰቢያና የክብር ማሳያም መሆኑን የተረዳ ይመስለናል።

እዚህ ላይ አባትየው «እስካሁን የሚነግሩኝ የእግሩን ነገር ነው» ብለው አቋረጡን። እውነት ነበራቸው። ቁም ነገሩ ከዚህ በኋላ ይጀምራልና።

ተጫዋች ለራሱ ስፍራ ይጠነቀቃል፤ አሠልጣኝ ግን 11 ሰዎችን በአንድ አሳብ ማቆም አለበት። ፈጣኑን ማገድ፣ የፈራውን ማደፋፈር፣ ኳስ ለብቻው ይዞ የሚቀረውን መገሠጽ የእርሱ ሥራ ነው። ቡድኑ ሲያሸንፍ የሚጨበጨበው ለተጫዋቹ ሲሆን፣ ሲሸነፍ የሚወቀሰው አሠልጣኙ ነው። አቶ ይድነቃቸው ጫማቸውን ካወለቁ በኋላ ይህን ሸክም ተሸከሙ።

ፈተናውም ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. ደረሰ። በዚያን ቀን በአዲስ አበባ ስታዲየም ኢትዮጵያ ለአፍሪካ ዋንጫ ከግብፅ ጋር ገጠመች፤ ግብፅም ያን ጊዜ የተባበረችው ዓረብ ሪፐብሊክ ትባል ነበር። በፊት በ1949 ዓ.ም. በካርቱም ለዋንጫ ተገናኝተው ግብፅ 4 ለ0 አሸንፋ ነበርና ትዝታው መራራ ነበር። አሁንም ግብፆች ቀድመው አገቡ። ግርማ ተክሌ በ74ኛው ደቂቃ አቻ ቢያደርግ፣ ተመልካቹ ደስታውን ሳይጨርስ በ75ኛው ደቂቃ ሁለተኛ ግብ ገባብን። ሁለት ጊዜ የተመራ ቡድን ልቡ የሚሰበረው በዚህ ሰዓት ነው። የአቶ ይድነቃቸው ቡድን ግን አልተበተነም። አምበሉ ሉቺያኖ ቫሳሎ በ84ኛው ደቂቃ እንደገና አቻ አደረገ፤ በተጨመረውም ሰዓት ወንድሙ ኢታሎ ቫሳሎና መንግሥቱ ወርቁ አግብተው ኢትዮጵያ 4 ለ2 አሸነፈች። ሉቺያኖም ዋንጫውን ከቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ እጅ ተቀበለ። አሠልጣኙ በዚያ ቀን አንድ ኳስ አልመቱም፤ ነገር ግን በአራቱም ግብ ውስጥ ድካማቸው ነበረበት።

ሥራቸውም በሜዳ ዳር አልቀረም። በ1949 ዓ.ም. ኢትዮጵያ፣ ግብፅ፣ ሱዳንና ደቡብ አፍሪካ የአፍሪካን የእግር ኳስ ማኅበር በካርቱም ሲያቋቁሙ ከመሥራቾቹ አንዱ እርሳቸው ነበሩ። የደቡብ አፍሪካ ሹማምንት ጥቁሩንና ነጩን በአንድ ቡድን አናሰልፍም ባሉ ጊዜ ከውድድሩ ውጭ ሆኑ። አቶ ይድነቃቸውም ይህን የዘር መለያየት ዕድሜያቸውን ሙሉ ተከራከሩት። ከ1964 ዓ.ም. ጀምሮ ነሐሴ 13 ቀን 1979 ዓ.ም. እስካረፉ ድረስ የማኅበሩ ፕሬዚዳንት ሆነው ሲሠሩ፣ የመጠጥና የትምባሆ ማስታወቂያ ወደ አፍሪካ ኳስ ሜዳ እንዳይገባ ተሟግተዋል። ገንዘቡ ሳይጠላ፣ ተመልካቹ ልጅ እንዳይበላሽ ማሰባቸው ነው።

ታሪኩን ጨርሰን አባትየውን «የእግራቸው ኃይል ካለቀ በኋላ የተረፋቸውን እርስዎ ይፍረዱ» አልናቸው። እርሳቸውም ዝም ብለው ቆዩና፣ «እንግዲያስ ጫማውን ልመልስለት ማለትዎ ነውን?» ብለው ጠየቁን።

እኛም፦ ይመልሱለት፤ ነገር ግን ትምህርቱ ይቅደም፤ ለመብራት ሰዓት እቤቱ ይግባ፤ ይልቁንም እርስዎ አንድ ቀን ሜዳው ድረስ ሄደው ይዩት፤ ግብ ማግባቱን ሳይሆን፣ ሲሸነፍ እንዴት እንደሚሆንና ለጓደኛው ኳስ ማቀበል መቻሉን ይመልከቱ አልናቸው። ዳኛ ሲፈርድበት የሚታዘዝ፣ ስፍራውንም የሚጠብቅ ልጅ፣ ኳሱ ቢቀር እንኳ ለማናቸውም ሥራ የሚበጅ ሰው ይሆናልና።

በማግስቱ ማታ በሜዳው አጠገብ ስናልፍ አባትየው ከዘራቸውን ተደግፈው ቆመው አየናቸው። ልጁ በዚያ ማታ ግብ አላገባም። አባትየው ግን ጨዋታው እስኪያልቅ ድረስ ከዚያ አልተንቀሳቀሱም።