ፊደል የቈጠረ ሕፃን ሁሉ ለትምህርት ደርሷልን?

ሕፃን ወደ መደበኛ ትምህርት ከመግባቱ በፊት በምን ዓይነት ዕቅድ ይማር? ወላጅም አስተማሪም ብዙውን ጊዜ የሚመዝኑት ልጁ ስንት ፊደል እንደ ለየና እስከ ስንት እንደ ቈጠረ በማየት ነው። ይህ ሚዛን ቀላል ነው፤ ይሁን እንጂ ብዙ ነገር ያመልጠዋል።

በአሜሪካ፣ በሚሺጋን ግዛት፣ በይፕሲላንቲ ከተማ እ.ኤ.አ. በ1967 የተጀመረው ጥናት ለዚህ ምስክር ነው። ዴቪድ ዋይካርትና ባልደረቦቻቸው ዕድሜያቸው 3 እና 4 ዓመት የሆነ 68 የድሆች ልጆችን በሦስት ክፍል መደቡ። በአንደኛው ክፍል አስተማሪው ከተዘጋጀ ጽሑፍ ይጠይቃል፣ ልጆቹ በአንድ ድምፅ ይመልሳሉ። በሁለተኛው ልጁ ራሱ የሚሠራውን ያቅዳል፣ ይሠራል፣ የሠራውንም መልሶ ይናገራል። ሦስተኛው ጨዋታ የሚበዛበት የተለመደው መዋያ ነበር።

በአንድ ዓመት ውስጥ የልጆቹ አማካይ የአእምሮ ፈተና ውጤት ከ78 ወደ 105 ከፍ አለ፤ በሦስቱ ክፍሎች መካከልም የጎላ ልዩነት አልታየም። ጥናቱ በዚህ ቢያበቃ ኖሮ የዕቅድ ምርጫ ለውጥ አያመጣም በተባለ ነበር። ነገር ግን ልጆቹ 15 ዓመት ሲሆናቸው፣ ኋላም በ23 ዓመታቸው ሲጠየቁ፣ ከአንደኛው ክፍል በወጡት ዘንድ ጥፋትና እስራት በዝቶ ተገኘ። የአንደኛው ዕቅድ መሥራች ካርል ቤራይተር ይህን ትርጓሜ ተቃውመዋል። በእኔ ግምት ተቃውሞው ክብደት አለው፤ የልጆቹ ቍጥር ጥቂት ነው፣ ሁለተኛው ዕቅድም የዋይካርት የራሳቸው ነበር። ስለዚህ በቃል ማስጠናትን በዚህ ብቻ መኰነን አይቻልም። የማይካደው ግን በበሩ ላይ የተሰጠው ፈተና ኋላ የታየውን ልዩነት አለማሳየቱ ነው።

ነገሩ እኛንም ይነካል። እ.ኤ.አ. በ2010 በወጣው የቅድመ ትምህርት ማዕቀፍ መሠረት በመንግሥት ትምህርት ቤቶች «ኦ ክፍል» ተስፋፍቷል። በብዙዎቹም አንደኛ ክፍል አንድ ዓመት ወደ ታች ወርዶ ሕፃናቱ ሰሌዳ እያዩ በኅብረት ይጮኻሉ። ለዚህ መከላከያ የሚቀርበው «አባቶቻችንም በቄስ ትምህርት ቤት እንዲሁ ተማሩ» የሚል ነው።

ይህ ግን ግማሹን ብቻ መናገር ነው። 231ዱን ፊደል ከሀ እስከ ፐ እንደ ዜማ የሚያወርድ ልጅ «ጊ»ን ለብቻዋ ቢያሳዩት፣ ከ«ገ፣ ጉ» ተነሥቶ ካልሆነ አይደርስባትም። የኔታ ይህን ያውቁ ነበርና በሀሁ አላበቁም፤ ተራውን የሚያፈርሰውን «አቡጊዳ ሄውዞ»ን አስከተሉ። ከዚያም መልእክተ ዮሐንስን ፊደል በፊደል በስንጥር እያስጠቈሙ አስቈጠሩ። ይህም ከማስጠናት አልፎ ልጁ የሚያየውን እንዲለይ ማስገደድ ነው። ከዘመናዊው ክፍል የቀረው ይኸው ሁለተኛው እርምጃ ነው፤ ጩኸቱ ብቻ ተወርሷል።

በአንደኛ ክፍል መግቢያ ላይ ልጁን ለመመዘን የሚሻ አስተማሪ የፊደሉን ገበታ በወረቀት ሸፍኖ አንዲት ቀዳዳ ይተው፤ በቀዳዳዋ የምትታየውን ይጠይቅ። ቀጥሎም ጥቂት ጠጠር ሰጥቶ ምን ሊሠራበት እንዳሰበ ልጁ እንዲነግረው ያድርግ።