ሊስፕ ወይስ ፓይተን?

ድሬዳዋ ቀፊራ ገበያ ማንጎ በኪሎ 80 ብር፣ ሙዝ 60 ብር ነው እንበል። ከሁለቱም ሦስት ሦስት ኪሎ የገዛ ሰው ሂሳቡን ፓይተን በተባለው የኮምፒዩተር ፕሮግራም ቋንቋ ሲጽፈው 3 * (80 + 60) ይሆናል። ሊስፕ በተባለው ሌላ ቋንቋ ደግሞ (* 3 (+ 80 60))። መልሱ በሁለቱም 420 ብር ነው። ሊስፕ ግን ምልክቱን ከፊት ያስቀድማል፤ ያለውን ሁሉ በቅንፍ ያስራል። ብዙ ጀማሪ ቅንፉን ሲያይ ፊቱን ያዞራል። የሊስፕ ጉልበት ያለው ግን እዚያው ቅንፉ ውስጥ ነው።

ጆን ማካርቲ ሊስፕን በኤም.አይ.ቲ. መሥራት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1958 ነበር። ከዚያ ወዲህ ቋንቋው ብዙ ዘር አፍርቷል፦ በ1975 ስኪም፣ ቀጥሎ ኮመን ሊስፕ፣ በ2007 ክሎዠር። የጊዶ ቫን ሮሰም ፓይተን የወጣው በ1991 ነው።

በሊስፕ የተጻፈ ፕሮግራም ራሱ ዝርዝር ነው፤ መረጃ የሚቀመጥበትም ያው ዝርዝር ነው። ስለዚህ አንድ ፕሮግራም ሌላውን ተቀብሎ፣ ከፍቶ፣ አስተካክሎ ሊያስኬደው ይችላል። ይህ በተግባር ምን እንደሚያስገኝ የዱቤ መዝገብ ፕሮግራም በአማርኛ ቃላት ሊጽፍ የሚሞክር የቀፊራ ነጋዴ ልጅ ቶሎ ይገባዋል። ፓይተን ከ3ኛው ስሪት ጀምሮ በፊደላችን የተጻፈ ስም ይቀበላልና «ዋጋ» እና «ኪሎ» የሚሉ ተለዋዋጮችን መሰየም ይቻላል። «ከሆነ» እና «ካልሆነ» የሚል ትርጉም ያላቸው የቋንቋው የራሱ ቃላት ግን እንግሊዝኛ እንደሆኑ ይቀራሉ። በስኪም ግን ማክሮ በሚባለው መሣሪያ (ካልተከፈለ ዱቤ (አስታውስ ደንበኛ)) የሚል አዲስ ትእዛዝ መፍጠርና ልክ ከጥንቱ የቋንቋው አካል እንደነበረ መጠቀም ይቻላል። ፓይተን ስም ለማውጣት ይፈቅዳል፤ ሊስፕ ሰዋስው እስከ ማውጣት ይፈቅዳል።

ሊስፕ ወይስ ፓይተን የሚለው ጥያቄ ኢትዮጵያ ውስጥ በሥራ ላይ የተፈተነበት ቦታ አለ። እ.ኤ.አ. በ2013 ጌትነት አሰፋና ቤን ጎርትዘል አዲስ አበባ ላይ ያቋቋሙት አይኮግ ላብስ፣ ሶፊያ በምትባለው ሮቦት ሶፍትዌር ሥራ ስሙ የታወቀ ድርጅት ነው። ባለሙያዎቹ የሠሩበት ኦፕንኮግ የተባለ የሰው ሠራሽ አስተውሎት ሥርዓት ውስጡ በሲ ፕላስ ፕላስ የተሠራ ሲሆን፣ ተጠቃሚው የሚገባባቸው ዋና በሮች ሁለት ናቸው፦ ጋይል የተባለው የስኪም ዓይነትና ፓይተን። የአይኮግ ልጆች የተሳተፉበት የጂን መረጃ ማብራሪያ አገልግሎት የተጻፈው በጋይል ነው። ምክንያቱም ግልጽ ነው። «ይህ ጂን ይህን ፕሮቲን ይሠራል» የሚል ዕውቀት በሥርዓቱ ውስጥ የሚቀመጠው ቅንፍ በቅንፍ ተደራርቦ ነው፤ የሚጠየቀውም በዚያው መልክ ነው። ጥያቄና ዕውቀት አንድ ቅርጽ ሲኖራቸው በመሃል አስተርጓሚ አያስፈልግም።

ፓይተን የሚያሸንፈው በሌላ በኩል ነው፤ ሌሎች ጽፈው ባስቀመጡት። ሰንጠረዥ ለማንበብ ፓንዳስ፣ የነርቭ መረብ ለማሠልጠን ፓይቶርች፣ ድረ ገጽ ለመሥራት ጃንጎ ተዘጋጅተው ይጠብቃሉ። ስህተት ሲያጋጥም መፍትሔ የሚጠቁም ሰው አይጠፋም፤ በጋራ ሲሠሩም አዲስ የመጣ ባልደረባ ኮዱን ቶሎ ያነበዋል። የሊስፕ ነፃነት እዚህ ላይ ዋጋ ያስከፍላል፦ እያንዳንዱ ጸሐፊ የራሱን ትእዛዝ ከፈጠረ ተከታዩ ሰው መጀመሪያ ያንን ቋንቋ መማር አለበት። ስኪምን ለአስርት ዓመታት የመግቢያ ትምህርት አድርጎ ያስተማረው ኤም.አይ.ቲ. እንኳ በኋላ ወደ ፓይተን ዞሯል።

እንግዲህ ከድሬዳዋ ዩኒቨርሲቲ ተመርቆ ሥራ የሚፈልግ ወጣት በፓይተን ይጀምር፤ እንጀራው ያለው እዚያ ነው። ሊስፕን ግን አይተወው። ራኬት የተባለው የስኪም ዝርያ በነፃ ይገኛል፤ አንዴ ከተጫነ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል። ትንሽ የቋንቋ ተርጓሚ በራስ እጅ መጻፍ በሊስፕ የጥቂት ገጽ ሥራ ነው፤ ያንን የሠራ ተማሪ የፓይተንንም ሆድ ዕቃ ያያል።

የኦፕንኮግ ተተኪ የሆነው ሃይፐሮንም ሁለቱን አላለያየም። ፕሮግራሙ የሚጻፍበት ሜታ የተባለ ቋንቋ (ከፌስቡክ ባለቤት ጋር አይዛመድም) እንደ ሊስፕ በቅንፍ የተሞላ ነው፤ ኮምፒዩተር ላይ የሚጫነው ግን እንደ ማንኛውም የፓይተን ጥቅል፣ ፒፕ በተባለው መጫኛ ነው።