ቁንጥንጡን ልጅ ጠበል፣ አብሾ ወይስ ኪኒን?

ልጁ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። ከእስቴ፣ ከመካነ ኢየሱስ ተነስቶ አዲስ አበባ እህቱ ዘንድ መኖር ከጀመረ ዓመት ሊሞላው ነው። እህታችን ሃያ አራት ዓመቷ ነው፤ ሱቅ ተቀጥራ ትሠራለች፣ አንዲት ክፍል ተከራይታ ትኖራለች። ልጁ ደብተሩን በየሳምንቱ ይጥላል። አስተማሪው ጥያቄውን ሳይጨርስ ይመልሳል። ወንበር ላይ አምስት ደቂቃ ከረጋ ተአምር ነው። ተንበርክኳል፣ ተገርፏል፤ ምንም! ይኼ ሁሉ ይቅር። መንገድ ሲሻገር ግራ ቀኝ አያይም፤ ሁለት ጊዜ መኪና ለጥቂት ስቶታል። እህታችንን እንቅልፍ የነሳት ይኼኛው ነው።

ታዲያ መካሪ አልጠፋም። እናት ከአገር ቤት ይደውላሉ፦ «ልጄ፣ አምጪውና ዋንዛዬ ይጠመቅ።» ጋይንት የቄስ ትምህርት ቤት ያደጉት አጎት ደግሞ «አብሾ ቢቀምስ ልቡ ይከፈት ነበር» ባይ ናቸው። የሥራ ባልደረባዋ በበኩሏ «ባክሽ ውጭ አገር ለዚህ ኪኒን አለ፤ ዘመድ ካለሽ አስልኪ» አለቻት። ሦስት ምክር፣ አንድ ልጅ!

እስቲ ከአጎትየው እንጀምር፤ የሚያስፈራው እሱ ነውና። አጎት ክፉ አስበው አይደለም። የጋይንት ምድር የአብነት ትምህርት አገር ነው። የቤተልሔም ድጓ፣ የዙር አባ ዝማሬ መዋሥዕት ምስክር ቤቶች ያሉት እዚያው ነው። ተማሪው ስንትና ስንት ገጽ በቃሉ ይዞ መውጣት አለበት። ቀልቡ የማይሰበሰብ ልጅ እዚያ ምን ሊውጠው ነው? የአብሾ ወሬ ከተማሪ ቤት አለመጥፋቱ አይገርምም። እዚህ ከተማ እንኳ ሁለት ብርጭቆ ቀምሶ የሚረብሸውን ሰው «አብሾ አለበት» እንላለን።

አብሾ የሚዘጋጀው ከአስተናግር ነው ይባላል፤ አጤ ፋሪስም የሚሉት አሉ። በየቆሻሻ መጣያው ዳር የሚበቅል፣ ፍሬው እሾሃም ተክል ነው። በውስጡ አትሮፒንና ስኮፖላሚን የሚባሉ ነገሮች አሉበት። አፍ ያደርቃሉ፣ የዓይን ብሌን ያሰፋሉ፣ ልብ ያስሮጣሉ፣ የሌለ ነገር ያሳያሉ። ይባስ ብሎ፣ ተመራማሪዎች የሰውን የማስታወስ ችሎታ ለጊዜው ማድከም ሲፈልጉ የሚሰጡት ይኼንኑ ስኮፖላሚን ነው። ልብ ይከፍታል የተባለው ልብ ይዘጋል ማለት ነው! ለሕፃን ጥቂት ፍሬ ሞት ሊሆን ይችላል። አጎትን አክብሮ እንቢ ማለት ነው እንግዲህ።

ጠበሉስ? ዋንዛዬ ወርዶ መጠመቅ ልጁን አይጎዳውም፤ የእናትንም ሆድ ያሳርፋል። ጉዳት የሚመጣው ልጅ በጾምና በእንቅልፍ እጦት ሲዳከም፣ «ውጣ!» ተብሎ ሲገረፍ፣ ወይም የጀመረውን መድኃኒት ሲያስጥሉት ነው። እንዲህ ስንል ከቤተ ክርስቲያን ጋር አልተጣላንም። ፓትርያርኩ አቡነ ጳውሎስ በ1999 ዓ.ም. የኤችአይቪ ሕሙማን ጠበሉንም መድኃኒቱንም አብረው እንዲወስዱ መክረው ነበር። ለኤችአይቪ የሠራ ምክር ለዚህ ልጅ የማይሠራበት ምክንያት አይታየንም።

አሁን ወደ ኪኒኑ። በጣም የታወቀው ሪታሊን ነው። እ.ኤ.አ. በ1944 የሠራው የስዊስ ኬሚስት ፓኒዞን በሚስቱ በሪታ ስም ሰየመው። አንዱ ፍሬ በሰዓት ውስጥ ይጀምርና አራት ሰዓት ያህል ይሠራል። ምግብ ይዘጋል፣ እንቅልፍ ያባርራል፣ የልብ ምት ይጨምራል፤ ቁመትንም በትንሹ ሊያዘገይ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ1999 ውጤቱ የወጣ የአሜሪካ ጥናት 579 ልጆችን ለ14 ወራት ተከታትሎ፣ መቁነጥነጡንና ቀልብ ማጣቱን በመቀነስ በኩል በሐኪም በቅርብ የተያዘ ኪኒን ከጠባይ ማረሚያ ሥልጠና ብቻውን እንደሚበልጥ አገኘ። ያው ጥናት በሦስተኛው ዓመት ሲታይ ግን ብልጫው ጠፍቶ ነበር። የዓለም ጤና ድርጅትም ይኼ መድኃኒት ከመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ይግባ ሲባል በ2019 እና በ2021 አልተቀበለውም፤ የረጅም ጊዜ ማስረጃው አላረካውም። ስለዚህ ለጠናበት ልጅ ይረዳል፤ አያድንም። በዓለም አቀፍ ሕግ ቁጥጥር ያለበት ስለሆነም እንደ ቸኮላት በሻንጣ አይላክም።

(ስኳር ያቅበጠብጣል የሚባለው ደግሞ በጥናት አልተረጋገጠም። ከረሜላ መንጠቁን ለጥርሱ ብላችሁ አድርጉት።)

ከሁሉ በፊት ግን ልጁ ችግሩ ይኑረው አይኑረው ማን አየ? ሐኪሞች ይኼን ስም የሚሰጡት ምልክቶቹ ብዙ ሆነው፣ ከስድስት ወር በላይ ሲቆዩ፣ ከአሥራ ሁለት ዓመት በፊት ሲጀምሩና ቤትም ትምህርት ቤትም ሲታዩ ነው። ጆሮው የማይሰማ ልጅ «አያዳምጥም» ይባላል። ሰሌዳው የማይታየው ይቅበጠበጣል። ለአፍታ ፍዝዝ ብሎ የሚቀር ልጅ ደግሞ የሚጥል በሽታ ዓይነት ይዞት ይሆናል፤ ያ ሌላ መድኃኒት አለው። ከገጠር ከተማ የገባ፣ እናቱን የናፈቀ ልጅስ ይረጋጋል ትላላችሁ?

እህታችን ወደ ሕፃናት ሐኪም ወሰደችው። ዓይኑና ጆሮው ደህና ነው ተባለ፤ ከዚያ ወደ አእምሮ ሐኪም ተላከ። እዚህ ያለ አማኑኤል ሆስፒታልን፣ እነ ጋይንትና ስማዳ ያለ ደግሞ ደብረ ታቦር ሆስፒታልን መጠየቅ ይችላል። ሐኪሙ ኪኒን ወዲያው አልጻፈም። አስተማሪው ፊተኛው ወንበር ላይ እንዲያስቀምጠው፣ የቤት ሥራው በአሥር በአሥር ደቂቃ እንዲከፈል፣ ትእዛዝ አንድ በአንድ እንዲነገረው፣ ያደረገው ጥሩ ነገር ወዲያው እንዲመሰገን ነገራት። ሦስት ወር አይተው ካልበቃ ስለ መድኃኒቱ ይነጋገራሉ።

ለእናቷ ደውላ ለፋሲካ እንደምትመጣና ዋንዛዬም አብረው እንደሚወርዱ ነግራቸዋለች። «እስከዚያ መንገድ እንዴት ይሻገር?» ብለው ጠየቋት እናት። «እጁን ይዤ» አለች።