ተጨማሪ መረጃ፦ ሁለገቡ ይድነቃቸው ተሰማ

የታዋቂው አዝማሪና ገጣሚ የተሰማ እሸቴ ልጅ ይድነቃቸው ለቅዱስ ጊዮርጊስና ለብሔራዊ ቡድን ተጫውተዋል፤ ጫማ ከሰቀሉ በኋላም ከእግር ኳስ አልራቁም። በጥር 1954 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ያሠለጠኑት የኢትዮጵያ ቡድን የአፍሪካ ዋንጫን አነሣ። በፍጻሜው ግብፅ 2 ለ 1 ስትመራ ጨዋታው ሊያበቃ ደቂቃዎች ሲቀሩ አምበሉ ሉቺያኖ ቫሳሎ አቻ አደረገ፤ በተጨማሪው ሰዓት ኢታሎ ቫሳሎና መንግሥቱ ወርቁ አስቆጥረው 4 ለ 2 ተጠናቀቀ።

ትልቁ ሥራቸው ግን ከሜዳ ውጭ ነበር ማለት ይቻላል። ከ1964 ዓ.ም. ጀምሮ እስከ ዕለተ ሞታቸው፣ ነሐሴ 1979 ዓ.ም.፣ የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽንን በፕሬዚዳንትነት መሩ፤ የአፓርታይድ ደቡብ አፍሪካ ከዓለም ስፖርት እንድትገለልም ያለመታከት ታገሉ።