ጣዕም እንዲደብቅ የተመረጠው ጭማቂ

ነገሩ የተጀመረው በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጨረሻ፣ በካናዳዋ ለንደን ከተማ፣ ኦንታሪዮ ውስጥ ነው። የመድኃኒት ተመራማሪው ዴቪድ ቤይሊ፣ ፌሎዲፒን የተባለው የደም ግፊት መድኃኒት ከአልኮል ጋር ሲወሰድ ምን እንደሚያስከትል ማወቅ ፈለጉ። ተሳታፊዎቹ አልኮል የተሰጣቸው መቼ እንደሆነ መለየት የለባቸውምና ጣዕሙን የሚደብቅ ነገር አስፈለገ። ቤይሊና ባለቤታቸው ቤት ውስጥ የነበረውን ጭማቂ ሁሉ እየቀላቀሉ ቀመሱ። አልኮሉን የሸፈነላቸው መራራው የግሬፕፍሩት ጭማቂ ነበር።

የደም ምርመራው ሲደርስ አልኮል በጠጡበትም ባልጠጡበትም ጊዜ በተሳታፊዎቹ ደም ውስጥ ያለው ፌሎዲፒን ቀደም ባሉት ጥናቶች ከታየው በብዙ እጥፍ በልጦ ተገኘ። የተሰጠው መጠን ትክክል ነበር። ቤይሊ ቁጥሩን ገሸሽ አላደረጉትም። በሁለቱም ብርጭቆ ውስጥ የነበረው ጭማቂው ነውና እሱን ጠረጠሩ፤ መድኃኒቱን አንዴ በውሃ፣ አንዴ በግሬፕፍሩት ጭማቂ ራሳቸው ወሰዱት። ልዩነቱ በገዛ ደማቸው ታየ።

በ1991 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት የወጣው የ6 ወንዶች ሙከራ ጥርጣሬውን አጸናው። በግሬፕፍሩት ጭማቂ ሲወሰድ ወደ ደም የሚደርሰው ፌሎዲፒን በአማካይ በውሃ ሲወሰድ ከሚደርሰው 3 እጥፍ ገደማ ሆነ። የብርቱካን ጭማቂ ግን እንዲህ አላደረገም።

ቀጣዩ ጥያቄ ጭማቂው ሥራውን የሚሠራው ሰውነት ውስጥ የት ነው የሚል ነበር። በ1997 የታተመ ጥናት ለቀናት ጭማቂውን ከጠጡ 10 ጤናማ ወንዶች የትንሹ አንጀት ናሙና ወሰደ። እዚያ ያለው ሲዋይፒ3ኤ4 የተባለ ኢንዛይም በ62 በመቶ ቀንሶ ተገኘ፤ የጉበታቸው ግን አልተነካም። ይህ ኢንዛይም እንደ በር ጠባቂ ነው፤ ብዙውን መድኃኒት ወደ ደም ሳይዘልቅ ይሰባብረዋል። በግሬፕፍሩት ውስጥ ያሉት ፉራኖኩማሪን የተባሉ ንጥረ ነገሮች ኢንዛይሙን ከጥቅም ውጭ ያደርጉታል፤ አንጀትም አዲስ እስኪሠራ ድረስ መድኃኒቱ በገፍ ያልፋል። ስለዚህ ጭማቂውን ጠዋት ጠጥቶ መድኃኒቱን ማታ መውሰድ መፍትሔ አይሆንም።

ጉዳዩ በፌሎዲፒን አላበቃም። ኮሌስትሮል ለመቀነስ የሚሰጠው ሲምቫስታቲንና ኩላሊት የተተከለላቸው ሰዎች የሚወስዱት ሳይክሎስፖሪንም በዚሁ መንገድ ይነካሉ። ሁሉም መድኃኒት ግን አይነካም፤ ለይቶ የሚነግርዎ ሐኪም ወይም ፋርማሲስት ነው። መድኃኒት ሲታዘዝልዎ ይጠይቁ፤ የሚበሉትንና የሚጠጡትንም ሳያስቀሩ ይንገሯቸው።