የሚሮጥ ደምና የቆመ ደም

ጣቱን ምላጭ የቈረጠው ሰው ቊስሉን ጥቂት ጊዜ በጨርቅ ይዞ ቢቈይ ደሙ ይቆምለታል፤ ከልጅነቱ ጀምሮ የለመደው ነገር ስለ ሆነም ከቶ አያደንቀውም። ቊስሉን ፈጥነው የሚደፍኑት ግን ፕላትሌት የሚባሉ በደም ውስጥ ያሉ ቅንጣቶች ናቸው፤ ይህንንም ሥራቸውን በቶሪኖ ከተማ የነበረው ኢጣልያዊ ሊቅ ጁልዮ ቢጾጼሮ እንደ አውሮጳ አቈጣጠር በ1882 ዓ.ም. ገልጦ ጻፈ። ጤነኛ በሆነ ሰው ደም በአንድ ኩብ ሚሊሜትር ውስጥ ከ150 ሺህ እስከ 400 ሺህ ይቈጠራሉ።

ይሁን እንጂ ቊጥራቸውን ማወቅ ብቻ አይበቃም። በ1926 ዓ.ም. ፊንላንዳዊው ሐኪም ኤሪክ ፎን ቪለብራንድ በኦላንድ ደሴቶች ስለሚኖር አንድ ቤተሰብ ጻፈ። ከዚያ ቤት አንዲት ሕፃን በትንሽ ቊስል ብዙ ደም ይፈስሳት ነበር፤ ፕላትሌቷ ቢቈጠር ግን ምንም አልጐደለም። ያችም ልጅ ኋላ በአፍላ ዕድሜዋ ሳለች ደሟ ፈስሶ ሞተች። የጐደላት ዛሬ በሐኪሙ ስም የሚጠራው ፕሮቲን ነው። ይህ ፕሮቲን በቆመ ደም ውስጥ እንደ ልቃቂት ተጠቅልሎ ይኖራል፤ ደሙ በጠባብ ሥር በብርቱ ሲሮጥ ግን እንደ ክር ተዘርግቶ የሚያልፉትን ፕላትሌቶች ይይዛል። እንግዲህ ደምን በብልቃጥ አቁሞ የሚመረምር ሰው ይህን ሥራ እንዴት ሊያይ ይችላል?

ማይክሮፍሉዊዲክ የሚባለው መሣሪያ ያስፈለገው ስለዚህ ነው። ከቴምብር ብዙም አይበልጥም፤ ሲሊኮን በሚባል ጎማ ላይ እንደ ጠጒር የቀጠነ ቦይ ይቀረጽና በመስተዋት ላይ ይለጠፋል። የቦዩም ወለል በኮላጅን ይቀባል፤ ኮላጅን ሥር በተቈረጠ ጊዜ ደም የሚያገኘው ነገር ነውና። ከዚያም ጥቂት ጠብታ ደም በልክ እየተገፋ ያልፍበታል፤ መርማሪውም ፕላትሌቶቹ እየተጣበቁ ሲከማቹ በማይክሮስኮፕ ይመለከታል። ዋናው ብልሃት ግን ፍጥነቱን እንደ ፈቀዱ መለወጥ፥ ቦዩንም ማጥበብ መቻሉ ነው።

በ2009 ዓ.ም. በአውስትራልያ በሜልበርን ከተማ የሚሠሩ ተመራማሪዎች፥ ሥር ጠብቦ እንደ ገና በሚሰፋበት ስፍራ የፍጥነቱ መለዋወጥ ራሱ ፕላትሌቶችን እንደሚያከማች አሳዩ። አስፒሪን ፕላትሌት ፕላትሌትን ከሚጠራባቸው ኬሚካሎች አንዱን ይከለክላል፤ ይህን መንገድ ግን አይዘጋውም። አስፒሪኑን ሳያቋርጥ እየዋጠ የልቡ ሥር በረጋ ደም ስለሚደፈንበት ሰው ለሚጠይቅ ሐኪም ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

መሣሪያው ጒድለት የለበትም አንልም። ጎማ እንደ ሕያው ሥር አይደለም፤ ስለዚህም አንዳንዶች ቦዩን የሥርን ውስጠኛ ገጽ በሚሸፍኑት ሕዋሳት ያለብሱታል። ደሙም ከክንድ በተቀዳ በጥቂት ሰዓት ውስጥ ካልተመረመረ ፕላትሌቶቹ ይደክማሉ።